ውስጡን ለቄስ፦ የቮልስ ወለልና የዝገት ጥገና

አንዲት አሮጌ ቮልስ አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ኒኬሏ ተወልውሎ በአዲስ አበባ ጎዳና ብቅ ስትል ያየ ሁሉ ማድነቁ አይቀርም። አድናቆቱ ባይከፋም የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ውበት የተሸከመውን ወለል ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለው እድሳት የተነገረ ይመስላል። የአሮጌ መኪና እድሳት እንደ ሌላው የእጅ ጥበብ ሒስ ይገባዋል ከተባለ፣ ሒሱ መጀመር ያለበት ከሥር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1945 ወዲህ በብዛት የተመረተችውና የመጨረሻዋ በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሻንሲዋ ከሌሎቹ ይለያል። መሐል ለመሐል እንደ አከርካሪ የሚዘልቅ የብረት ቦይ አላት፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት የወለል ላሜራዎች ተበይደዋል፤ ቦዲዋ ከላይ በቡሎን ይታሰራል። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድና ምንጣፉ ያቆረው የክረምት ውኃ ሲገናኙ ያ ጥግ ከሁሉ ቀድሞ ይበላል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ በሁለት ላሜራዎች መካከል ሲገባ እያበጠ መጋጠሚያውን ይገነጥለዋል። ዓይን ቀዳዳውን በሚያይበት ጊዜ ጉዳቱ የቆየ ነው።

የተለመደው ስሕተት ይህን መሸፈን ነው። የተበላው ላሜራ በመዶሻ ይስተካከላል፣ በላዩ ቁራጭ ይለጠፋል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ከሥር ሬንጅ ይቀባል። ሬንጁ ግን የታመቀውን እርጥበት አያስወጣም፤ ዝገቱም ሥራውን ይቀጥላል። የፊት ወንበሮች ሐዲድ የተያያዘው ከዚሁ ወለልና ቦይ ጋር በመሆኑ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በግጭት ጊዜ የተሳፋሪው ሕይወት በዚያ ላሜራ ላይ ነው።

መልካም ሥራ የሚታወቀው በትዕግሥቱ ነው። በበሩ ሥር ያለው ቦይ የሚቆረጥ ከሆነ የበሩ ክፍተት እንዳይጣመም ቦዲው አስቀድሞ በብረት ይደገፋል። ላሜራው ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ብየዳው፣ ሙቀቱ ላሜራውን እንዳያጣምመው፣ እዚህም እዚያም በአጭር በአጭሩ ይነካል። የቤንዚን ቧንቧው በመሐለኛው ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ ይህን ያልተጠነቀቀ በያጅ እሳት ይጠራል። ከዚያ ጸረ ዝገቱ፣ የመጋጠሚያ ማሸጊያውና በስተመጨረሻም ወደ ክፍት ቦዮቹ የሚረጨው ሰም ይከተላሉ። ከዚህ ሁሉ ልፋት አንዱም ከመንገድ ዳር ለቆመ ተመልካች አይታይም፤ ዳኛው የሚመጣው ክረምት ነው።

በሌላ ጫፍ ደግሞ አሮጌውን ሁሉ ጥሎ በአዲስ መተካት አለ። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸው ከኋላ ወንበር ሥር በዚያው ቦይ ላይ ነውና፣ ቦዩ ከተጣለ የቀረችው መኪና የትኛዋ ናት? በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለሕንፃዎች እንደደነገገው፣ በጎደለው ምትክ የሚገባው ክፍል ከነባሩ ጋር ሊስማማም ከእርሱ ሊለይም ይገባል። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተርም የዚሁ አሳብ ወራሽ ነው። ሆኖም መርሑ በየዕለቱ ባለቤቷን ሥራ ከምታደርስ ቮልስ ይልቅ ለሙዚየም ዕቃ ይቀላል። ለእርሷ የሚበጀው ቦዩን ከነቁጥሩ አቆይቶ የተበላውን ወለል ያለ ርኅራኄ መቀየር ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በላሜራ ሠራተኛው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለቀለም ያለ ክርክር የሚከፍል ደንበኛ ለወለሉ ሲሆን ዋጋ ይቀንስልኝ ይላል፤ ሠራተኛውም የተከፈለበትን ይሠራል። ባለቤቱ ቀለም ከመምረጡ በፊት የኋላውን ወንበር አንሥቶ ከባትሪው ሥር ያለውን ላሜራ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ ቢያደርግ፣ ገንዘቡ መዋል ያለበትን ቦታ ብረቱ ራሱ ያሳየዋል።