ጸጥ ያለ ቁልቁለት

ከአምቦ ወጥቶ ወደ ጉደር ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ቆሞ ሳይክል የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጨበጭበው ለተሳሳተው ልጅ ነው። የኋላ ጎማውን እየጎተተ፣ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ጥሎ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ ኩርባውን የዞረው ይወደሳል። ከኋላው የመጣው፣ ምንም ሳያሰማ ያለፈው ግን ልብ የሚለው የለም። እኔም ሳይክል በግማሽ ሰዓት እየተከራየሁ በምነዳበት ዕድሜዬ ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ዓይኔ የሚከተለው ሁለተኛውን ነው።

መጀመሪያ ከቁጥሩ እንገላገል። «ሰባ ገባሁ»፣ «ዘጠና ነካሁ» የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ፤ ማስረጃው ደግሞ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ነው። ስልክ በዛፍና በገደል መሃል ሳተላይቱን ሲያጣ የማይሆን ቁጥር ይዞ ብቅ ይላል። እኔ የማምነው ሜትርና ሰዓት ነው። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ 100 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። በ6 ሰከንድ ያለፈ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ በ5 ያለፈ 72፣ በ4 ያለፈ 90 እየበረረ ነው። ዘጠና ነካሁ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ 7 ሰከንድ ላይ ይገኛል፤ እሱም ሃምሳ አንድ መሆኑ ነው። ሃምሳ አንድ ራሱ የሚናቅ ፍጥነት አይደለም።

ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ የማን ሥራ ነው? ሳይክሉን ቁልቁል የሚስበው የምድር ስበት፣ የሚያስቆመው ደግሞ አየሩ ነው። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ አስፋልት ላይ ፔዳል ሳይመታ ቢለቀቁ፣ ነጂው ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ በእኔ ስሌት 63 ገደማ ላይ ፍጥነቱ ይረጋል። ደረቱን ወደ መሪው አስጠግቶ ክርኑን ከሰበሰበ ወደ 75 ይጠጋል። ልዩነቱን ያመጣው ጉልበት ሳይሆን ለነፋስ የሚሰጠው ገላ ማነሱ ነው። በዚህ ላይ አገሩም ያግዛል፤ አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ሰው፣ ያው ሳይክል፣ ያው ቁልቁለት ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው 56 ላይ በቆመ ነበር። ስለዚህ የአምቦ ልጅ ከሚፎክርበት ፍጥነት ውስጥ ጥቂቱ የከፍታው ስጦታ ነው።

ክብደትም እንዲሁ ነው። ጓደኛውን ከኋላ አፈናጥጦ የሚወርድ ልጅ ብቻውን ከሚወርደው ይቀድማል፤ ልጆች ይህን ሲያዩ ይገረማሉ። የሚጎትተው ክብደት እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ የሚመክተው ነፋስ ግን ብዙም ስለማይጨምር ነው። የፍሬኑ ሥራ በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አፈናጣጩ ይሁን ተፈናጣጩ ማን ይበልጥ እንደሚጸልይ አላውቅም።

ፈረንሳዊው ኤሪክ ባሮን እ.ኤ.አ. በ2017 በአልፕስ ተራሮች ቫርስ በሚባለው ስፍራ በበረዶ ላይ በሳይክል 227.72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወርዷል፤ ዕድሜው 56 ነበር። ድንቅ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ኩርባ የሌለው፣ ተስተካክሎ የተዘጋጀ ነው። ይኸው ሰው በ2002 ኒካራጓ ውስጥ በእሳተ ገሞራ ተራራ ጠጠር ላይ 172 ደርሶ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰብሮበት ወድቋል። ቁጥሩ ተመዝግቧል፤ አወራረዱን ግን ጥሩ ነው ልትሉት ትችላላችሁ? እኔ አልለውም።

ታዲያ ምን ይታይ? እኔ ከጆሮ እጀምራለሁ። የሚመጣውን ነጂ ከማየታችሁ በፊት ስሙት። የካቴና መንጋጋት፣ የፓራፋንጎ መንቀጥቀጥ፣ የፍሬን ጎማ ሲጢጥ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ የሆነ ነገር እንዳልተጠበቀ ይናገራሉ። ጥሩ ወራጅ የሚያሰማው የጎማና የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው። ሳይክሉ የግድ ውድ መሆን የለበትም። ያረጀ ፊኒክስ ይዞ እንደ ጥላ የሚያልፍ አይቻለሁ፤ ባለብዙ ማርሽ አዲስ ሳይክል ይዞ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳም አይቻለሁ። በልጅነታችን ጋሼ የምንለው አንድ ጎሚስታ ነበር፤ ከዳገቱ አናት ከመልቀቃችን በፊት የፊቱን ጎማ በአንድ ክንድ ከፍታ አንስቶ ወደ መሬት ይለቀውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ኮተት ኮተት ካለ «ኩሽኔታው ላልቷል፣ ዛሬ በእግርህ ውረድ» ይላል። ያኔ ክፋት ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ነበር፤ የመሪው ኩሽኔታ የላላ ሳይክል ሃምሳ ሲያልፍ ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል፣ ነጂው መሪውን በጨበጠ ቁጥር ይብስበታል። ይህ ሲገጥመው የላይኛውን ብረት በሁለት ጉልበቱ ቆንጥጦ እጁን የሚያላላና ቀስ ብሎ ፍጥነቱን የሚቀንስ ነጂ ካያችሁ ስሙን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም።

ቀጥሎ ፍሬኑ። ሙያው በደንብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ልጆች ዘንድ «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚል ፍርሃት ስላለ ሁሉም የኋላውን ብቻ ነው የሚይዘው። ፍርሃቱ መነሻ አለው፤ ውጤቱ ግን ያ ጥቁር መስመር ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ድሮም ወደ ፊት ያጋደለ ነው። የኋላ ጎማ ቀለለ ማለት መሬቱን አልያዘም ማለት ነው፤ ያልያዘ ጎማ ደግሞ ይጎተታል እንጂ አያቆምም። ሙያ ያለው ሰው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ ወገቡን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሁለቱንም ይይዛል፤ የፊቱን ጠበቅ፣ የኋላውን ላላ። ኩርባው ሲጀምር ሥራውን ጨርሷል፣ ጣቶቹም ለቀዋል። ስለዚህ ከኩርባው መሃል ሳይሆን ከኩርባው ሃያ ሠላሳ ሜትር ቀደም ብላችሁ ቁሙ። ተመልካች ሁሉ የሚሰበሰበው ኩርባው ላይ ስለሆነ ያ ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ይዞ የሚወርድ አለ። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን ቸርኬው ይግላል፣ በሙቀቱ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። የጭነት መኪና ሹፌሮች ቁልቁለትን በማርሽ እንጂ በፍሬን አትውረድ የሚሉት ለዚህ ነው። ሳይክል ሞተር የለውም፤ ነፋስ ግን አለው። ከማጎንበስ ቀና ብሎ ደረትን መክፈት ብቻውን ከ75 ወደ 63 የሚያወርድ ፍሬን መሆኑን ከላይ ቆጥረናል። ጎበዙ ወራጅ ከኩርባው በፊት እንደ ወፍ ክንፍ ሲከፈት፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሲለቅ ታያላችሁ።

ማጎንበስን ካነሳን፣ የላይኛው ብረት ላይ ተቀምጦ አገጭን መሪው ላይ ማሳረፍ በቴሌቪዥን ያየነው ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ከልክሎታል። እኔም ነጥብ አልሰጥበትም። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉድጓድ ቢመጣበት የሚያነጥርበት ጉልበት የለውም። በተቃራኒው ስሎቬኒያዊው ማቴይ ሞሆሪች በ2022 የሚላን–ሳንሬሞን ውድድር ያሸነፈው የመጨረሻውን ቁልቁለት ዝቅ በሚል ኮርቻ ወርዶ ነው። ኮርቻው ሲወርድ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል፣ ኩርባውም ይቀለዋል። ለቁመቱ በረዘመ የአባቱ ሳይክል ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ልጅ ካየሁ፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ፍርዴን ከወዲሁ ሰጥቻለሁ።

ኩርባው ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፤ ወደ ውጭ ያለው ፔዳል ታች መሆኑንና የነጂው አፍንጫ ወዴት እንደዞረ። ዓይኑ ከፊት ጎማው ሥር ካለው አስፋልት ላይ ከተተከለ ዘግይቷል። ዓይኑ ከኩርባው መውጫ ላይ ካረፈ ሳይክሉ ራሱ ይከተለዋል። የሚያስደስተኝ መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ መስመር ነው፤ በመሃል የተሰበረ፣ ተስተካክሎ እንደገና የተሰበረ መስመር የሐሳብ መለዋወጥ ነው።

መንገዱንም ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያለውን መንገድ በሙሉ ቁልቁለት ይለዋል። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚወርደው ግን ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ ሰፊ ጎማ ከመሬት ጋር ያለው መፋተግ ብቻውን ያንን ይበላዋል። እዚያ ላይ ፔዳል ካልመቱ ቁጭ ማለት ነው። ቁልቁለት የሚባለው ከወንጪ ከፍታ ወደ አምቦ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ብርድ ተነስቶ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። እዚያ ላይ የምፈርደው በጣት ነው፤ ጠዋት ላይ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬኑን ሲፈልግ አንድ ሰከንድ ይዘገያል፣ በ60 ፍጥነት አንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ነው። ጓንት ያደረገ ሕፃን ጓንት ከሌለው ጎልማሳ ይበልጣል። ሌላው ከጌዶ በኢጃጂ አልፎ ወደ ባኮ የሚወርደው ነው፤ ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ነጂው ደጋውን ትቶ ወደ ሞቃት አገር ይገባል፣ ሹራቡን ሳያወልቅ የደረሰ ሰው በላብ ይታወቃል።

መንገዱ የሌላም ሰው ነው፤ በገበያ ቀን በገበያ በኩል በፍጥነት ማለፍ ሙያ ሳይሆን ነውር ነው። ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2015 በጣልያን ዙር፣ በ2016 በፈረንሳይ ዙር ሲወዳደር መንገዱ ተዘግቶለት ነበር። ያ መንገድ እንኳ ምሕረት የለውም፤ ስዊዘርላንዳዊው ጂኖ ማደር በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በአገሩ ውድድር ላይ ከቁልቁለት ገደል ገብቶ ሞቷል። የእኛ መንገድ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሲኖ ትራክና ገለባ የተጫነች አህያ አለበት። አህያ ከሁሉም ትከብዳለች፤ መንገዱን የምትሻገረው ልክ ልታልፏት ስትሉ ነው። ጥሩ ወራጅ አንዷን ሲያይ ሌሎቹ ከኋላ እንዳሉ ይገምታል፤ እረኛው ወዴት እንደቆመ ያያል። ፈረስን ሳያስደነግጥ ጋሪን የሚያልፍ ልጅ ለእኔ ከዘጠናው ይበልጣል።

ዝናብ ላይ ብዙ አልቆይም። ከበጋው በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ያነሳል፣ የብረት ቸርኬም ሲረጥብ ፍሬኑ እንደሌለ ይሆናል። ያን ቀን ጎበዙ ሳይክሉን በእጁ ይዞ ይወርዳል። 

የመጨረሻውን ፈተና የማደርገው የጉደር ወንዝ ድልድይ ጋ ነው። ለደረሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «ላይኛው ኩርባ ላይ ምን አየህ?» እላለሁ። በቅርቡ ጎማ የጎተተውን፣ የተጨበጨበለትን ጠየቅኩት። «ስልኬ ሰባ ስምንት ይላል» ብሎ ስልኩን አወጣልኝ። ጸጥ ብሎ የመጣው ግን ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ኦቦ፣ ከግራ በኩል ጠጠር ፈሷል፤ እንጨት የተሸከሙ ሁለት እናቶችም እየወረዱ ነው። ከላይ የሚመጣ ልጅ ካለ ደውሉለት» አለኝና ሳይክሉን እየገፋ ዳገቱን ጀመረ።