ስቴኪኒና ኮላ
በር ወለሉን እየፋቀ መከፈት ሲጀምር፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የላይኛው ማጠፊያ ነው። የበሩ ክብደት ማጠፊያውን ከመቃኑ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ብሎኑ የነከሰው እንጨት ቀስ በቀስ ይፈረፈራል፤ በመጨረሻም ብሎኑ የሚይዘው አጥቶ ባዶውን ይሽከረከራል። ሙያውን የሚያውቅ አናጢ ይህን ጊዜ የሚያደርገውን ነገር እወደዋለሁ።

ከበሩ ሥር ሽብልቅ አስገብቶ ክብደቱን ያሳርፋል። ብሎኑን ነቅሎ ቀዳዳውን ያጸዳል፤ ኮላ ውስጥ የተነከሩ ስቴኪኒዎችን እስኪጠብቅ ድረስ ይጠቀጥቅበታል፤ ትርፉንም ከመቃኑ ጋር አስተካክሎ ይቆርጣል። ኮላው 24 ሰዓት ያህል ሲደርቅ መሃሉን በቀጭኑ በስቶ ያንኑ ብሎን በካቻቢቴ ያስረዋል።

በወፍራም ብሎን መተካት የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን የወፍራሙ ብሎን ራስ ከማጠፊያው ጉድጓድ በላይ ሊቀርና ማጠፊያው በደንብ ላይታጠፍ ይችላል። ስቴኪኒው ብሎኑ ያጣውን፣ የሚነክሰውን እንጨት ይመልስለታል። የዚህ ጥገና ውበት፣ ጉድለቱን በትክክል ለይቶ ያንኑ ብቻ መሙላቱ ነው። በሩም፣ መቃኑም፣ ማጠፊያውም ሳይለወጡ ለዓመታት ያገለግላሉ።