ጤፍ፣ በቆሎና ወተት

“የካሽ ሰርቨር ማቋቋሚያ” ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው የግዥ ጥያቄ ሳይፈረም ተመለሰልኝ። ፋይናንስ ክፍል ያሉት ሰው ካሽ ሲባል የሚያውቁት ጥሬ ብርን ነው፤ የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን የጠየቅኩ መስሏቸዋል። አልፈረድኩባቸውም። ሁለተኛውን ደብዳቤ “ከኢንተርኔት አንድ ጊዜ የመጣውን አስቀምጦ ለቀጣዩ ተማሪ የሚሰጥ ጎተራ” ብዬ ጻፍኩት፤ በማግስቱ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ሰርቨር የሚል የለም፤ ጎተራው ነው የሚባለው።

ግቢያችን ያለባት ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ያልፍባታል። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። የዕለቱ እህል ከቤት ውስጥ ጎታ፣ የዓመቱ ቀለብ ከደጅ ጎተራ እንደሚቀመጥ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ያውቃል። የካሽ ፕሮግራምም እንዲሁ ሁለት ማስቀመጫ አለው፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገው በራም፣ የቀረው በሃርድ ዲስክ ይቀመጣል። ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ራሙን ጎታ፣ ዲስኩን ጎተራ እላቸዋለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሥራውን የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። የነበረን 40 ኮምፒውተር ያለበት አንድ ክፍልና 2 ሜጋቢት የሚባል መስመር ነበር። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በፒዲኤፍ 20 ሜጋባይት ቢሆን፣ መስመሩን ብቻውን ይዞ ለመውረድ 80 ሰከንድ ይፈልጋል። 40 ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ ሲያወርድ 3,200 ሰከንድ ይሆናል፤ 53 ደቂቃ ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው ከዚያ በፊት ያልቃል። ያውም አገራችን ወደብ ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር ተሻግሮ ነው ከባሕር ስር ኬብል ጋር የሚገናኘው። ያን ሁሉ መንገድ አንድ መጽሐፍ 40 ጊዜ ይመላለሰዋል። መጽሐፉ አንድ ጊዜ ወርዶ ግቢያችን ቢቀመጥ ግን በውስጥ መስመራችን፣ በ100 ሜጋቢት፣ ለአንድ ተማሪ የሚፈጀው 2 ሰከንድ አይሞላም።

ትልልቆቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኤምአይቲ መምህር ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳኒ ሉዊን አካማይን ሲመሠርቱ፣ ሐሳባቸው ሰው ወደ ሩቅ ሰርቨር ከሚጓዝ ቅጂው ወደ ሰው ይጠጋ የሚል ነበር። ጉግልና ኔትፍሊክስም ዛሬ የራሳቸውን የካሽ ማሽኖች በየአገሩ ቴሌኮም ድርጅቶች ውስጥ ያስቀምጣሉ። እነሱ በሺህ በሚቆጠሩ ማሽኖች የሚሠሩትን እኔ ከመጋዘን ባነሳሁት አሮጌ ዴስክቶፕ ጀመርኩት።

የመረጥኩት ስኩዊድ የተባለውን የካሽ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ በአሮጌ ማሽን ይሠራል፤ የሚያደርገውን ሁሉ መዝግቦ ያሳያል። መነሻው በአሜሪካ ሃርቨስት የተባለ የምርምር ሥራ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በዱዌን ዌሰልስ እጅ ስኩዊድ ሆነ። ሃርቨስት መኸር ማለት መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የእኛም ጎተራ ዘሩ ከመኸር ነው ማለት ነው።

ተክሎ ማስነሳቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መከራው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ስኩዊድ እንደተተከለ ሲተው ዲስክ ላይ የሚያኖረው ትልቁ ፋይል 4 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ምስሉንና ገጹን ያከማቻል፤ እኔ የምፈልገውን 20 ሜጋባይት መጽሐፍ ግን ያሳልፈዋል እንጂ አያስቀምጠውም። ገደቡን 200 አደረግኩት፤ አሁንም አላስቀመጠም። ሁለት ሌሊት መዝገቡን ሳይ አደርኩ፤ ያው መጽሐፍ በተጠራ ቁጥር “ሚስ” ይላል፤ ከውጭ አመጣሁት ማለቱ ነው። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነበር፤ የፋይሉን ገደብ የሚወስነው መስመር ዲስኩን ከሚያስተዋውቀው መስመር በላይ መጻፍ አለበት፤ እኔ ከታች ጽፌዋለሁ። መስመሩን ወደ ላይ አንስቼ መጽሐፉን ሁለተኛ ስጠራው “ሂት” የሚለው ቃል ወጣ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። የምነግረው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ራምም ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ስለነበረ 400ውን ለጎተራው ለቀቅኩለት። ስኩዊድ ግን በዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ በራም ላይ በዝርዝር ይይዛል፤ ለያንዳንዱ ጊጋባይት ዲስክ 14 ሜጋባይት ገደማ ራም ይወስዳል። ለ400 ጊጋባይት ከ5 ጊጋባይት በላይ ራም ማለት ነው፤ ማሽኑ ያለው 4 ነው። ፍጥነት እንዲጨምር ያቆምኩት ነገር መስመሩን ከበፊቱ አንቀረፈፈው። ወደ 100 ስቀንሰው ተነፈሰ። ጎተራ የሚሠራው በውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው በሚሸከመው ልክ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ስለሚደርሰው ጉዳት ብዙ አልናገርም፤ ባለ ባትሪ ዩፒኤስ ሳይኖር ይህን ሥራ መጀመር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ይለመዳል። ልቤን የያዘው ሌላ ነው፦ ያስቀመጥኩትን እስከ መቼ ልመን?

በ2008 ዓ.ም. ክረምት የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን ከጎተራው የሚሰጠውን ድርሻ ከፍ ለማድረግ ተጠምጄ ነበር። ከመቶ ስንቱን ከውስጥ አወጣ የሚለው ቁጥር ወደ ላይ ሲሄድ ማየት ያጓጓል። ስለዚህ ድረ ገጾቹ “ይህን አታስቀምጥ፣ ቶሎ ያረጃል” ብለው የሚልኩትን ምልክት ችላ እንዲል አዘዝኩት። ቁጥሩም ከፍ አለ። አንድ ልጅ ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሩ ተጉዞ ውጤቱን ሊያይ መጣ። ገጹን ከፈትኩለት፤ “ገና አልተለቀቀም” ይላል። አመስግኖኝ ወጣ። ማታ ከሌላ ከተማ የደወለልኝ ጓደኛዬ ውጤቱ ጠዋት መለቀቁን ነገረኝ። ለልጁ የሰጠሁት የትናንቱን ገጽ ነበር። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ተጉዞ መጣ። ይቅርታ ስጠይቀው “ምንም አይደል ቲቸር” አለኝ። ቃሉ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

“አያ” እያልኩ የምጠራቸው የግቢው ዘበኛ ማታ ማታ ብቅ ብለው ያዩኛል። በዚያው ሳምንት፣ “ልጄ፣ ጎተራህ ሞላ ወይ?” አሉኝ።

“ሞልቷል አያ። የጨነቀኝ የትኛው እንደተበላሸ ማወቁ ነው።”

“ጤፉን ምን ያስጨንቅሃል? ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዓመት ይቀመጥ ሁለት ዓመት ያው ጤፍ ነው። በቆሎውን ግን እጅህን ሰደድ አድርገህ፣ አፈስ አድርገህ እየው። ወተትንስ ማን ጎተራ ያገባዋል?”

የዚያን ሌሊት የስኩዊድን የዕድሜ ደንብ እሳቸው እንዳሉት ሦስት አድርጌ ጻፍኩት። መጽሐፍ፣ ሥዕል፣ የትምህርት ቪዲዮ ጤፍ ነው። ደንቡ የሚጻፈው በደቂቃ ስለሆነ 525,600 አልኩት፤ አንድ ዓመት። ተራው ገጽ በቆሎ ነው፤ ለእሱ ስኩዊድ ራሱ ይዞት የሚመጣውን ደንብ መለስኩለት። ያ ደንብ ብልህ ነው፦ አንድ ገጽ 10 ቀን ሳይቀየር ከቆየ የዚያን 20 በመቶ፣ ማለትም 2 ቀን ያምነዋል፤ የፈለገ ቢያረጅ ግን ከ4,320 ደቂቃ፣ ከ3 ቀን በላይ አይዘልም። ጊዜው ሲያልፍም ገጹን አይጥለውም፤ ባለቤቱን “ተቀይሯል?” ብሎ ይጠይቀዋል። “አልተቀየረም” የሚለው መልስ ጥቂት ባይት ብቻ ነው፤ እጅን ሰደድ አድርጎ ማየት ማለት ይኸው ነው። ውጤት፣ ምዝገባ፣ ሰው በስሙ የሚገባበት ማንኛውም ገጽ ወተት ነው፤ ጎተራ አይገባም። የአንዱ ልጅ ውጤት ለሌላው ልጅ ከሚታይ መስመሩ አንድ ሰዓት ቢያስጠብቅ ይሻላል።

ሌላው ነገር የገባኝ ከመዝገቡ ነው። መምህሯ “አሁን ክፈቱት” ስትል 40 ጣት በአንድ ጊዜ ይጫናል። መጽሐፉ ገና ጎተራ ስላልገባ ስኩዊድ 40 ጥያቄ ወደ ውጭ ይልካል፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ የማድረግ ስልት አለው፤ ካልከፈቱለት ግን አይሠራም። ከፈትኩት። ቢሆንም የመጀመሪያው ጥያቄ መምጣት ያለበት ከክፍሉ በፊት እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሰኞ ማለዳ መምህራን ማረፊያ እየሄድኩ በሳምንቱ ማን ምን እንደሚያስተምር እጠይቅ ጀመር። መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ሌሊት ሁሉንም አስቀድሜ እጠራዋለሁ፤ ሲነጋ ጎተራው ዝግጁ ነው። ከማንኛውም የስኩዊድ ማስተካከያ ይልቅ የጠቀመኝ ያ የሰኞ ቡና ነው።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ለብሔራዊ ፈተናው ሲባል በአገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ስኩዊድ “ባለቤቱን ሳትጠይቅ ያለህን ስጥ” የሚባልበት ትእዛዝ እንዳለው አስታውሼ ሞከርኩት። የተከማቹት ገጾች ተከፈቱ። አንድ የፊዚክስ መምህር “ተመለሰ እንዴ?” ብሎ ሮጦ መጣ። አልተመለሰም፤ የሚያየው የራሳችንን ቀለብ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የስለላ ምስጢር ከወጣ በኋላ ዓለም የድረ ገጾቹን መስመር በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ ያዘ፤ በ2015 መጨረሻ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ቁልፉን ለሁሉም በነፃ ማደል ጀመረ፤ በ2018 ደግሞ ክሮም ያልተቆለፈውን ገጽ ሁሉ “አስተማማኝ አይደለም” እያለ ለሰው መንገር ጀመረ። ቁልፉ ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ስኩዊድ ግን በተቆለፈ መስመር ውስጥ የሚያልፈውን ማየት አይችልም። መዝገቤ “ኮኔክት” በሚል ቃል ብቻ ተሞላ፤ በመካከላችን የታሸገ ነገር አለፈ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው። “ሂት” የሚለው ቃል ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ።

ቁልፉን መክፈቻ መንገድ አለ። የራስን የምስክር ወረቀት በየኮምፒውተሩ አስገብቶ፣ የሁሉንም ሰው መስመር መሐል ላይ ፈትቶ እንደገና ማሸግ ይቻላል። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ አድርገውታል፤ እኔንም መክረውኛል። አላደረግኩትም። በዚያ መስመር የመምህሩ ኢሜይል ያልፋል፤ የባንክ ሒሳብ ያልፋል፤ አንዲት ተማሪ ለማንም የማትነግረውን ሕመሟን ስትፈልግ የምትጽፈው ቃል ያልፋል። ደብዳቤ እንዲያደርስ የተሰጠው ሰው መንገድ ላይ ማኅተሙን አይፈታም፤ ፈትቶ አንብቦ መልሶ ቢያሽገውም ያው ነው። ለሁለት ሰከንድ ፍጥነት ብዬ ይህን ማድረግ አልቻልኩም።

ስለዚህ ሥራዬ ተገለበጠ። ድሮ ማሽኑ ሰዎች የጠሩትን እያየ ራሱ ያከማች ነበር፤ አሁን ምን እንደሚከማች ሰው ማሰብ አለበት። ስኩዊድን ለሶፍትዌር ማደሻ ብቻ ትቼ፣ በዚያው ማሽን ላይ ኢንጂንኤክስ የሚባለውን የድር ሰርቨር ተከልኩ፤ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ሲወጡ በየክፍሉ ደርድሬ አስቀመጥኳቸው። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ሙሉውን አስገባሁ። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቦታ አይዝም፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉ የሳይንስ ማሳያዎችም አሉ፤ የኤሌክትሪክ ዑደት ሽቦ እየቀጠሉ አምፖል ሲያበሩ ማየት ቤተ ሙከራችን ለማይበቃው ክፍል ትልቅ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ማሽን አንዳች አልጎደለበትም። ውጭውን አይጠይቅምና።

የጎደለው የሚታወቅበት መንገድ ግን አጣሁ። ስኩዊድ “ሚስ” እያለ የሌለንን ይነግረኝ ነበር፤ አሁን የሚነግረኝ የለም። በሩ አጠገብ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ከእስክሪብቶ ጋር በሲባጎ አሰርኩ፤ ሽፋኑ ላይ “ከጎተራው ያጣችሁትን ጻፉ” ብዬ ጻፍኩበት። በየዓርቡ አነበዋለሁ። “የ11ኛ ክፍል ሒሳብ የቆዩ ፈተናዎች።” “በግ ሲያስለው ምን ይደረጋል?” “የጠፈር ቪዲዮ፣ ረጅም ይሁን።” አንዱ “ጌም” ብሎ ሦስት ጊዜ አስምሮበታል።

ባለፈው ዓርብ በትንንሽ ፊደል፣ ከገጹ ታች ጥግ ላይ የተጻፈ አንድ ነገር አገኘሁ፦ “እናቴ ስኳር ተገኘባት። ምን እንደምትበላ በአማርኛ የተጻፈ ካለ።” ስም የለውም። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ለእናት የሚነበብ አይደለም። ለጤና ባለሙያ ጓደኛዬ ደወልኩለት፤ ለሕሙማን የሚሰጥ የአማርኛ ጽሑፍ እንዳለው፣ በፋይል እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። እሱ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ፤ ሃርድ ዲስኩን ከወዲሁ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።