ሰማያዊ ያልሆነው ባሕር

ፀዳ ላይ የባሕር ዳር መንገደኛ ምሳ ከሚበላባቸው ቤቶች በአንደኛው ግድግዳ ላይ ባሕር ተሰቅሏል። ነጭ አሸዋ፣ ሁለት ዘንባባ፣ ባለ ሸራ ጀልባ፤ የቀረው በሙሉ ሰማያዊ ነው። በእጅ የተሠራ ሥዕል ነው፣ ከታች ፊርማም አለው። ሠዓሊው ይህን ባሕር የት አገር እንዳየው ግን እንጃ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በገዛ አገሩ ወደብ ላይ ቆሞ ማዕበል አላየም።

ሰው ያላየውን አይሣል ማለቴ አይደለም። አይቫዞቭስኪ የተባለው የ19ኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር የባሕር ሠዓሊ ማዕበሉን የሚሥለው ዳር ላይ ቆሞ ሳይሆን ቤቱ ገብቶ፣ ከትዝታው ነበር። የሚሮጥ ሞገድን እጅ ሊከተለው አይችልም ባይ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው ጥቁር ባሕር ዳር፣ ፌዮዶሲያ ወደብ ላይ ተወልዶ ያደገ ነው። ትዝታው ውስጥ ውኃ ነበረ። የእኛው ሠዓሊ ትዝታ ውስጥ ያለው የግድግዳ ካላንደር ይመስለኛል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመንም፣ ደምቢያ ተወልዳ ያደገች ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ዓይኗን «እንደ ባሕር ሰማያዊ» ያደረገብኝ ተማሪ ነበር። በሽታው አንድ ነው።

«ታዲያ ባሕር ከየት እናምጣ?» የሚል አይጠፋም። ከፀዳ ወደ ደቡብ ወረድ ቢሉ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጣና አለላችሁ። አማርኛችን እንደሆነ በባሕርና በሐይቅ ልዩነት እምብዛም አይጨነቅም፤ ከተማውን ባሕር ዳር ያሰኘው ጣና ነው፤ የፋሲልን መዋኛም ጥምቀተ ባሕር እንለዋለን።

ጣናን የሚሥሉማ ሞልተዋል። ጎንደርና ባሕር ዳር ለጎብኚ የሚሸጡትን ተመልከቱ፦ አንድ ጣንኳ፣ አንድ ቀዛፊ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። ከጣንኳው ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከሥሩ ካለው ውኃ ጋር ነው። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ነክሯል፣ ጣንኳው እየሄደ ነው፤ የጣንኳው ምስል ግን አንዲት ደንገል ሳትዛነፍ፣ መስተዋት ላይ እንዳለ ሁሉ ተገልብጦ ተኝቷል። ይኼ እንዴት ይሆናል? የጥምቀት ዕለት ወጣቱ ዘሎ ሲገባ ውኃው ውስጥ የሚታየው የፋሲል ሕንፃ ምን እንደሚሆን ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ውኃ ሲነካ እያንዳንዷ ትንሽ ሞገድ ለብቻዋ ጠማማ መስተዋት ትሆናለች፤ ምስሉም ወደ ተመልካቹ እየረዘመ ይቆራረጣል። ደግሞም ጥርት ያለ ከሆነ ከእግራችን ሥር ያለው ውኃ ሆዱን ያሳየናል፣ ራቅ ያለው ግን ሰማዩን። ይህን ለማወቅ አንድ ጠዋት ዳር ላይ መቀመጥ ይበቃል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሥሩ ደለል ይነሣል፤ ክረምት ደግሞ መገጭ የጎንደርን አፈር፣ ርብና ጉማራ የፎገራን በኩል አፈር ይዘውለት ይመጣሉ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ነው። ሠዓሊዎቻችን ይህን እንደ ነውር ቆጥረው ሰማያዊ ይቀቡታል። እንግሊዛዊው የሥዕል ሐያሲ ጆን ረስኪን ግን እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ነገር አስተውሏል፦ ጥርት ያለ ውኃ ጥላ አይቀበልም፣ የደፈረሰ ውኃ ግን ይቀበላል። እንግዲህ ጣንኳው በደፈረሰው ጣና ላይ ሁለት ነገር ይጥላል ማለት ነው፤ ምስሉንና ጥላውን። ጥላው የፀሐይን አቅጣጫ ይከተላል፤ ምስሉ ወደሚያየው ሰው ይመጣል። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ? እኛ ግን በሰማያዊ ደፍነነዋል።

«የጥንቶቹስ መቼ ነጸብራቅ ሣሉ?» ብትሉኝ፣ እውነት ነው፣ አልሣሉም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ፈርዖን ሲሰጥም የኤርትራ ባሕር የተደረደሩ ጠመዝማዛ መስመሮች ነው፤ በመካከሉ የፈረስና የወታደር ራስ ብቅ ብቅ ይላል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ የቆመው እዚያው ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ነው። ግድግዳውን የሣሉት ሰዎች የውኃውን ብልጭታ ጠዋት ማታ እያዩት ትተውታል። እኔ እንደማየው ምክንያት ነበራቸው። የቅዱሳን ሥዕል ብርሃኑን ከፀሐይ አይበደርም፤ ውኃውም ማን ዳነ፣ ማን ሰጠመ የሚባልበት ቦታ እንጂ የሰማይ መስተዋት አይደለም። መስመራቸውም ቢሆን በድን አይደለም። ጃፓናዊው ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ የሠራው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ታላቅ ማዕበል የቆመው በመስመር ነው። እንግዲህ የሚሻ እንደ ቀደምቶቹ በመስመር ይናገር፤ የሚሻም ቁጭ ብሎ የብርሃኑን ጨዋታ ያጥና። የካላንደሩ ሰማያዊ ግን ከሁለቱም የለበትም።

ሠዓሊው ቤት ኪራይ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ጎብኚው ሰማያዊ ይወዳል ይባላል። ይሁን። ግን ከኪራዩ ባሻገር ሌላ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1893 ዢቨርኒ መንደር ውስጥ ኩሬ አበጅቶ የውኃ አበባ ሊተክል ሲነሣ፣ ጎረቤቶቹ ባዕድ ተክል ወንዛችንን ይመርዝብናል ብለው ተቃውመውት ነበር። እሱ ግን ተከለ፤ እስከሞተበት እስከ 1926 ድረስም ያንኑ ኩሬ 250 ጊዜ ያህል ሣለው። ወደ እኛም ባዕድ አበባ መጥቷል። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሐምራዊ አበባው ያምራል። እሱ በሸፈነው ቦታ ግን ሞገድ የለም፣ ነጸብራቅ የለም፣ ጣንኳም አያልፍም። የደምቢያ ዓሣ አጥማጅ ይህን ያውቃል፤ እኔ ያየኋቸው የሚሸጡ ሥዕሎች ግን ወሬውንም አልሰሙም። «ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የሚለው ተረታችን የከንቱ ድካም ተረት ነው። አረሙን ሲነቅል ውሎ በማግስቱ ተተክቶ የሚያገኘው ገበሬ ተረቱን በሁለት ፍቺ ቢተርተው አይፈረድበትም።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን ጣና ምን ይመስል ነበር ብለው ሥዕሎቻችንን ቢያገላብጡ፣ ደለል ገብቶበት የማያውቅ፣ አረም ያልደረሰበት፣ ሲቀዘፍ እንኳ የማይንቀሳቀስ ውኃ ያገኛሉ። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ሸራ የለም። ቡናማ ቀለም ከሰማያዊው አይወደድም፤ ጠዋት ሄዶ ዳር ላይ ለመቀመጥም እስካሁን የሚያስከፍል የለም።