የደጁ ፍርሃት፤ ስለ «ኮስቲዩም ክዌስት» እና ስለ ሆያ ሆዬ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው «ኮስቲዩም ክዌስት» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን ይህን ጨዋታ የሠራው የሳን ፍራንሲስኮው ደብል ፋይን ነው። የምንመዝነውም በእንጅባራና በዳንግላ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ልጆች በቡሄ ከሚጫወቱት ከሆያ ሆዬ ጋራ እያስተያየን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆች ተሰብስበው የሰው ደጅ ቆመው መጠየቃቸው ነው።

የጨዋታው ታሪክ እንዲህ ነው። በሃሎዊን ምሽት፣ በኛ አቈጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ገደማ፣ ሬንና ሬይኖልድ የተባሉ መንትዮች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ሊጠይቁ ይወጣሉ። ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ሌላው ግን ከረሜላ የሚመስል ልብስ ለብሷልና ጭራቅ እውነተኛ ከረሜላ መስሎት ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ በየቤቱ እያንኳኳ ያልፋል። በሩ ሲከፈት ወይ ትልቅ ሰው ከረሜላ ይሰጣል፤ ወይ ጭራቅ ብቅ ይላል። ጭራቅ የወጣ እንደ ሆነ የልጁ ልብስ እውነት ይሆናል፤ ካርቶን የለበሰው ታላቅ ሮቦት ሆኖ ይዋጋል።

በኛ አስተያየት የጨዋታው ብልኀት ያለው በዚህ በር ላይ ነው። ጨዋታው ከማስፈራራት ይልቅ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ደራሲዎቹ ፍርሃት የሚመጣው ከጭራቁ መልክ ሳይሆን በሩ ሳይከፈት ካለው ጥርጣሬ መሆኑን ዐውቀዋል። ይህን ጥርጣሬ ከእሳት ዳር የጭራቅ ተረት ሰምቶ፣ በክረምት ጭጋግ ውሻ ወዳለበት ግቢ የገባ የአዊ ልጅም ያውቀዋል።

ጕድለቱስ ምንድን ነው? ልጁ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። ከረሜላው ለውጊያ የሚረዳ ነገር መግዣ ይሆናል፤ በሩም ከተቈጠረ በኋላ ይረሳል። ባለቤቱ ስም የለው፣ ኑሮ የለው።

በሆያ ሆዬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አውራጁ ያወጣል፤ ተቀባዮቹ መሬቱን በዱላ እየመቱ ይመልሳሉ። ባለቤቱ በስሙ ይወደሳል። ሙልሙሉ ከተሰጠ በኋላም ልጆቹ ሳይመርቁ አይሄዱም። እንግዲህ ስጦታው የሚፈጸመው በምርቃቱ ነው፤ ልጁ ለማኝ ሳይሆን ተበዳሪና ከፋይ ነው።

ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ምን ያስተምራል? የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ጨዋታ የሚሸልመውን ነገር ልጅ ይለምደዋል። ዛሬ በየከተማው በሙልሙሉ ፈንታ ብር እየተተካ፣ ካደጉትም ጐረምሶች አንዳንዶቹ ብሩን ተቀብለው ምርቃቱን ሳይጨርሱ ወደ ሚቀጥለው ደጅ ሲሮጡ እናያለን። የኛም ሥርዐት በዚህ መንገድ ከሄደ በር መቍጠር ብቻ ይሆናል፤ የባሕር ማዶውን ጨዋታ የነቀፍንበት ጕድለት በገዛ ደጃችን ይገኛል።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩ ባልንጀሮቻችን በቡሄ ዋዜማ፣ በነሐሴ 12 ምሽት፣ በችቦ ብርሃን የሚካሄድ አጭር ጨዋታ ቢሠሩ መልካም ነው እንላለን። የበሩን ጥርጣሬ ይውሰዱ፤ ውጊያውን ግን በምርቃት ይተኩት። ተጫዋቹ ደጁን ሳያንኳኳ የቤቱን ነገር ይመርምር፤ ላሟ የወለደችለት ማን ነው? ሐዘን የገባበት ቤትስ የትኛው ነው? ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ አማርኛ ነው ወይስ አውኚ? ላዘነ ሰው የሠርግ ምርቃት የመረቀ ልጅ ቢሸነፍ ተገቢ ነው፤ በባለቤቱ ቋንቋ እንደ ኑሮው የመረቀ ግን ያሸንፍ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ልጁን ከጭራቁ ይልቅ ሰው ሳያውቁ ማለፍን እንዲፈራ ያስተምረዋል።