የብሩሽ ምት በአበባ ጨርቅ ላይ

ሥዕል ሲሰቀል ሐያሲ ይጠራል፤ አበባ የታተመበት ጨርቅ ሲቆረጥ ግን ልብስ ሰፊ እንጂ ሐያሲ አይጠራም። ሆኖም ፈረንሳዊው ሠዓሊ ራውል ዱፊ (1877–1953 እ.ኤ.አ.) በሊዮን ከተማ ይገኝ ለነበረው የቢያንኪኒ ፌሪዬ የሐር ድርጅት ከ1912 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. የነደፋቸው አበቦች አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያነሣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያርፍ የብሩሽ ምት ሺህ ጊዜ ሲታተም ሕይወቱን ይጠብቃልን?

ኅትመት እንደ ጥለት ከድርና ከማግ ጋር አብሮ አይሸመንም፤ ተሠርቶ ባለቀ ጨርቅ ላይ የሚያርፍ ነው። በእንጨት ማተሚያ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቅርጽ ይፈልጋል፤ ማተሚያውም ቀለሙን ወጥ አድርጎ ያሳርፋል እንጂ እንደ ብሩሽ እያደመቀና እያሳሳ አይቀባም። ስለዚህ የብሩሹ ሻካራነት ወደ ጨርቅ የሚሸጋገረው በቅጅ ሳይሆን በትርጉም ነው። የደረቀ ብሩሽ ፀጉር ዘሎ የሚያልፈው ክፍተት በጨርቁ ነጭነት ይተረጎማል፤ የቀለሙ መድመቅና መሳሳት ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ወጥ ቀለሞች ጉርብትና ይገለጻል።

ዱፊ ይህን ከእንጨት ተማረ። በ1911 እ.ኤ.አ. ለታተመው የጊዮም አፖሊኔር የእንስሳት ግጥሞች መጽሐፍ ምስሎችን በእንጨት ላይ ቀረጸ፤ በዚያው ዓመት የልብስ ነዳፊው ፖል ፗሬ ባቋቋመለት አነስተኛ ማተሚያ ያንኑ ዘዴ ወደ ጨርቅ አሻገረ። በመጀመሪያዎቹ አበቦች የሚታየው የመቅረጫው ስለት ነው፤ ጠርዛቸው የጠነከረ፣ ጥቁሩና ነጩ ፊት ለፊት የሚጋጠሙ ናቸው። በኋለኞቹ ግን ብሩሹ የበላይነቱን ይይዛል። ጽጌረዳው በጥቂት ክብ ምቶች ይገነባል፤ ቀለሙም በመስመሩ ሳይታሰር ከቅጠሉ ጠርዝ አልፎ ይፈስሳል። መስመሩ ቅርጹን ሲናገር ቀለሙ ብርሃኑን ይናገራል።

ይህ መንገድ ግን አደጋ አለው። የብሩሽ ምት ውበቱ ድንገተኛነቱ ነውና ያው ምት በየስንዝሩ ሲደገም ዓይን ይነቃበታል፤ ነፃነት የመሰለውም ልማድ ሆኖ ይገኛል። አበቦች ተጠላልፈው ሲሞሉ ድግግሞሹ ይሸሸጋል፤ ነጠላ እቅፍ በባዶ ጨርቅ ላይ ሲበተን ግን ይጋለጣል።

የሊዮን ሐር የባለጸጎች ልብስ እንደነበረ አይካድም። ትምህርቱ ግን ለርካሽ ጥጥም ያው ነው። ጨርቅ እንደ ሸራ ተወጥሮ አይቆምም፤ ይታጠፋል፣ ይታጠባል፣ ከለባሹ ጋር ይራመዳል። ሥዕልን እንዳለ በጨርቅ ላይ የሚለጥፍ ነዳፊ ሥዕሉንም ጨርቁንም ይጎዳል፤ ብሩሹን ከማተሚያው ጠባይ ጋር የሚያስማማ ነዳፊ ግን የሰውን እጅ ለለባሹ ያደርሳል።