ከመምህሩ በስተጀርባ ያሉት

ዊልኮክስ በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የስንዴ ሜዳ መካከል የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጡ ትንሽ ከተማ ናት። የኖትር ዳም ትምህርት ቤቷ ግን በሆኪ ስሙ የገነነ ነው። (ሆኪ የእኛን ገና ይመስላል፤ የሚጫወቱት በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ነው እንጂ።)

ዜል ዴለን እ.ኤ.አ. በ1980 ያዘጋጀው «የኖትር ዳም አዳኝ ውሾች» የተሰኘው ፊልም በ1940 የብርድ ወራት የነበረውን የዚህን ትምህርት ቤት ኑሮ ያሳያል። አዳኝ ውሾች የተባለው ቡድኑ ነው። የትምህርት ቤቱን መሪ አባ አቶል መሪን ሆኖ የሠራው ቶማስ ፒኮክ ለዚሁ ሥራው በካናዳ የጂኒን የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አግኝቷል፤ ይገባዋልም እንላለን።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ፊልሙ መምህሩን አግዝፎ ከተማዋን አሳንሷታል። አባ መሪ በ1927 ወደ ዊልኮክስ ከመምጣታቸው በፊት ትምህርት ቤቱን በ1920 ያቋቋሙት መነኮሳይያት ነበሩ። በ1930ዎቹ ድርቅና የኑሮ ውድቀት ገንዘብ ያጡ ወላጆች ክፍያውን በእህልና በሥጋ ከፍለዋል። ልጆቹ ሆኪ ሊጫወቱ የቻሉት በዚህ ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም በማን መዝገብ ይገኛል? ሌሊት ሜዳው ላይ ውሃ አፍስሶ በረዶ ያስያዘውስ ማን ነበር? ፊልሙን ለተማሪዎቻችን ብናሳይ፣ በማግሥቱ የየትምህርት ቤታቸውን አሮጌ የቡድን ፎቶግራፍ ይዘው ሽማግሌ ዘንድ እንዲሄዱና የያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከጀርባው ጽፈው እንዲመለሱ እናዛለን።